እንትን ያልሁበት ቦታ

ጥቅምት 14

ባቄላው መድረቅ ጀምሯል። ብርዱ ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ሙላው መጥቶ አካፋ ተዋሰ፣ መልሶም አመጣ። ጉድ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማንም አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የያዝኋት ፊደል እንዳትጠፋብኝ ነው። ፊደል ካልነኳት እንደ ማረሻ ትዝጋለች።

ዛሬ ሰብሌን ማጭድ አምጪ ልላት ነበር። ቃሉ አልመጣም። እጄ ያውቀዋል፣ አፌ አያውቀውም። "ያንን አምጪ" አልኋት። "የቱን አባዬ?" "ያንን ነዋ።" መጥረቢያ አመጣች። ተቆጣኋት። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ቤቱን የያዘችልኝ እሷ ናት፣ ቁጣ አይገባትም ነበር። ጥፋቱ የማን ነው?

እንትን ግን አላልሁም። በዚህ ቤት እንትን አይባልም። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ያወጣሁት ሕግ ነው። ነገር ሁሉ ስም አለው፤ ስሙን ያላወቀ ዝም ይበል። ሚስቴ ይታይሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምላስም እኮ ይደክመዋል" ትለኝ ነበር። የኔ አይደክመውም እላት ነበር።

ጥቅምት 27

ዛሬ ደግሞ መሰላል የሚለው ጠፋ። ቀትር ላይ ተመልሶ መጣ። የት ውሎ ነው?

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ማኅበሩ እነ ምንይችል ቤት ነበር። ምርቃቱን ለኔ ሰጡ። ሁልጊዜም ለኔ ነው። ተነሥቼ "የዘራችሁትን ያብቅል፣ የወለዳችሁትን..." ብዬ ቆምሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ከንፈሬ ወደ ቀኝ ተሳበ። ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

"ይታይሽ ትዝ ብላው ነው፣ አይ ሰው" አለች አንዷ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ተውኋቸው። ሐዘን መምሰሉ ይሻላል። ሚስቴ ሞታም ትሸፍንልኛለች።

ሰብሌ ግን አልተታለለችም። ስንመለስ መንገድ ላይ፣

"አባዬ፣ ሐዘን ቀኝ እጅን ብቻ ያንቀጠቅጣል እንዴ?" አለችኝ።

እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።

ኅዳር 20፣ ደሴ

ዋሻ በሚመስል ማሽን ውስጥ ከተቱኝና ራሴን ፎቶ አነሡት። ልጅ እግር ሐኪም ነው ያየኝ። በግራ በኩል ዕጢ አለ አለኝ፣ ሎሚ የምታህል። ከንግግር ቦታ አጠገብ ነው የተቀመጠችው አለ።

የንግግር ቦታ ምላስ አልነበረም እንዴ?

"ምላስማ ታዛዥ ነው አባት፤ አዛዡ እላይ ነው" አለኝ።

ሳስበው ዋልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁት በታዛዡ ነዋ።

ካልወጣች ታድጋለች ይላል። ስታድግ መጀመሪያ ቃሌን ትበላለች፣ ቀጥሎ እኔን። ስትወጣም ቃሉን ይዛ ልትወጣ ትችላለች። የሚያወጡት አዲስ አበባ ነው።

ኅዳር 24

አልሄድም አልሁ። ድዳ ሆኜ ከምመለስ ከነቃሌ ልሙት። ሰብሌ አለቀሰች። አልሰማኋትም።

ከሰዓት ሙላው መጣ። የጥንት ጎረቤቴ ነው፤ ሲያሻን የምንሰዳደብ፣ ሲያሻን የምንታረቅ።

"አልሄድም አልህ አሉ።"

"አልሄድም።"

"ደግ። ዝም ስትል ታዲያ እኔን ማን ሊሰድበኝ ነው? ሀጀራ ብቻዋን አትችለው።" ሀጀራ ሚስቱ ናት።

"ድዳ ብሆንስ?"

"ያኔ እኔ እንደ ልቤ እሰድብሃለሁ። ያጠራቀምሁት ብዙ አለኝ።"

ሳልወድ ሳቅሁ።

"እኔ ዱአ አደርጋለሁ፣ አንተ ለሚካኤልህ ተሳል፣ ሐኪሙም ሥራውን ይሥራ። አብሽር" አለና ተነሣ። በር ላይ ደረሰና ዞሮ፣ "አያ ቢያድግልኝ፣ ቃልህን ይዘህ ብትሞት እኮ ለመቃብር ነው የምታወራው" አለኝ።

እሄዳለሁ። ለሱ ስል አይደለም። እንዲያው እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ አዲስ አበባ

በወረኢሉ አድርገን መጣን። አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈስሁም። ልቆጥበው ብዬ... ሞኝነት።

የሚቀድደኝ ሐኪም ዶክተር እንዳልካቸው ይባላል። ረዘም ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። አይንቀጠቀጥም።

"አባቴ፣ አስተኝተን እንጀምራለን፣ መሀል ላይ እናነቃዎታለን።"

"ራሴ ተከፍቶ?"

"ተከፍቶ። አንጎል ራሱ ሲነኩት አያመውም። ነቅተው እናወራለን።"

"ስለ ምን?"

"ስለ በሬ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ፈረስ።"

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። አላሾፈም። የሰው ሁሉ የቃል ቦታ አንድ አይደለም አለኝ። በግራ በኩል ይበዛል እንጂ ያንዱ ወደ ፊት ይላል፣ ያንዱ ወደ ኋላ። ዕጢ ሲገባ ደግሞ ገፋ ያደርገዋል። መጽሐፍ ገልጦ አይገኝም፣ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ ይጠይቀኛል። ሲነካኝ ቃል ከጠፋ፣ ቢላው እዚያ አይገባም። ካልጠፋ ይገባል።

ድንበር ማካለል ነው እንግዲህ። ድንበር ሲካለል ባለመሬቱ ይጠራል፣ ከዚህ እስከዚህ የኔ ነው ይላል። ይህ ገባኝ። ሌላው ሁሉ ባይገባኝም ይህ ገባኝ።

ታኅሣሥ 9

ቃል የምትመረምረው ልጅ ፋጢማ ትባላለች። ሥዕል ታሳያለች፣ እኔ ስሙን እጠራለሁ። መጀመሪያ "ይህ" ማለት አለብኝ፣ ቀጥሎ ስሙን። "ይህ" ከወጣ አፉ ይሠራል ማለት ነው። ስሙ ከቀረ፣ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ብልሃቱን ወደድሁት።

አንደኛው ሥዕል በሬ ሆነ። በሬ። ለኔ።

"ይህን የማያውቅ ሰው መጥቶ ያውቃል?" አልኋት።

"ይመጣል አባ።"

"ይህ በሬ ነው። ከስቷል።"

ሳቀች። ቀጥላ አንድ ጥቁርና ነጭ ወፍ አሳየችኝ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ። አይቼው አላውቅም። "ይህ ካባ የለበሰ ቁራ ነው" አልሁ። አላውቅም ማለት አልወድም። ብዬም አላውቅ።

ከዚያ መቀሱ መጣ። ጠፋ። (አሁን ስጽፈው እንዲህ በቀላሉ ይመጣል፣ ከይሲ።) ፈጠን ብዬ "ይህ ልብስ ሰፊ የማይለየው ነው" አልሁ። መሰላሉን "ይህ ቆጥ የሚወጡበት ነው።" ፍንጃሉን "ይህ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው ነው።" ልጂቱ ያገሬ አነጋገር መስሏት "ጥሩ ነው አባ" ትላለች። እኔም ደስ ብሎኛል። እያለፍሁ ነው ብያለሁ።

ሰብሌ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

"እየሸፈኑ ነው" አለች። "ስሙ ጠፍቶባቸው ነው። ቤትም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

በሰው ፊት። የገዛ ልጄ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገርኋትም። ያመጣችውንም ምግብ አልነካሁ።

ታኅሣሥ 10

ፋጢማ ብቻዋን መጣች። ሰብሌ ውጭ ናት። ትቆይ።

"የናቴ አገር ወረኢሉ ነው አባ" አለች። "የወሎ ሽማግሌ እንዴት እንደሚኮራ ለኔ መንገር አያስፈልግም።"

ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁ። እሷ ቀጠለች፤

"ዶክተር እንዳልካቸው ሲነካ ፈረሱ ጠፋብዎ እንበል። አንቱ 'የሚጋልቡት' ይሉኛል። እኔ ደህና ነው እላለሁ። እሱ ባዶ ቦታ መስሎት ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ፈረስም የለ፣ መጋለብም የለ።"

ባለመሬቱ ራሱ ድንበሩን ከደበቀ መሬቱ ይሄዳል። ማንን ይከሳል?

"ታዲያ ምን ልበል?"

"አላውቅም ይበሉ።"

"አውቀዋለሁ እኮ። አላውቅም ብል ውሸት ነው።"

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው እንትን ይበሉ።"

"ሞቼ ነው።"

"ለምን?"

"ሽማግሌ እንትን ካለ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው።"

ሳቋ አልቆም አላት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን እንቢ አልሁ። ስትወጣ ቆም ብላ እንዲህ አለችኝ፤

"እንትን ማለት እኮ ነገሩ አለ፣ የሄደው ስሙ ነው ማለት ነው። እኔም የምፈልገው እሱኑ ማወቅ ነው። የተሻለ ቃል ካለዎ ይስጡኝ።"

ከሰዓቱን ሙሉ ፈለግሁ። የተሻለ አጣሁ።

ታኅሣሥ 13

ሰብሌን ጠራኋት። ሥዕሎቹን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔም አኩርፌ፣ እሷም አኩርፋ።

"ይህ ቁልፍ ነው። ይህ ውሻ ነው። ይህ..." ጠፋ። አፌ ወደ መሸፈኛው ሮጠ። ያዝሁት። "ይህ... እንትን ነው።"

ሥዕሉን ዝቅ አደረገችው።

"አባዬ፣ በቤታችን እንትን አይባልም።"

"ይህ ቤታችን አይደለም፣ ሆስፒታል ነው።"

ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ እጄን ሳመች። ታረቅን። የመታረቁ ቃል እንትን ሆነ እንግዲህ።

ፋጢማ ካባ የለበሰውን ቁራ ከሥዕሎቹ መሀል አወጣችው። ጥንትም የማላውቀው ይወጣል፣ አሁን እየጠፋ የሚመጣውም ይወጣል። አጥብቄ የማውቀው ብቻ ይቀራል፤ እሱ ከጠፋ ያጠፋው የሐኪሙ ንክኪ መሆኑ ይታወቃል። በሬ ቀረ። ፈረስ ቀረ። መቀስ ወጣ፣ መሰላል ወጣ። አዘንሁላቸው። እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው።

ታኅሣሥ 18

ነገ ነው። የገብርኤል ዕለት።

ዘካርያስን ድዳ ያደረገው መልአክ። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ይህ ይድረሰኝ? ለሰብሌ ነገርኋት።

"ዘካርያስ አላምንም ብሎ ነው" አለች። "አንቱም ክርክርዎን ይተዉ።"

እሱ ግን ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ። ፊደል ነበረችው። እኔም አለችኝ። ያስተማረችኝን ልጅ እግዜር ይስጣት፣ ስሟንም አላስታውስ፤ ከከተማ ለዘመቻ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። እጄን ይዛ "ሀ" አስጻፈችኝ። ሳላመሰግናት ነው የሄደችው።

ፈርቻለሁ። ለማንም አልነገርሁ።

ታኅሣሥ 21

አለሁ።

ታኅሣሥ 24

ሰብሌ። በሬ። ውሃ። ሙላው። ጽፌ አየኋቸው። አሉ።

ጥር 3

እጄ ጠንከር አለ። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሲያነቁኝ መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። ቀጥሎ የፋጢማ ድምፅ። ፊቷ ከጨርቁ ሥር ነው፣ በጣም ቅርብ። ራሴ ታስሯል፣ አይነቃነቅም። ከላይ ሰው አለ፣ አላየውም። አላመመኝም። ይህ ነው የገረመኝ። ያ ሁሉ ሐሳብ፣ ያ ሁሉ ሐዘን የሚያድርበት ቤት... ሲነኩት አያም።

"ይቁጠሩ አባ" አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ምላሴ ቀጥ አለ። እንደ ለገመ በሬ። ጥቂት ቆይቶ አምስት። "ጥሩ ነው" አለ ዶክተር እንዳልካቸው። ምኑ ነው ጥሩው? ኋላ ስጠይቅ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት አኑሮበት ነው።

ቀጥሎ ሥዕል። ይህ በሬ ነው። ይህ ቁልፍ ነው። ይህ ውሻ ነው። እሱ ይነካል፣ እኔ እጠራለሁ። ፈረሱ መጣ። "ይህ..." ፈረሱ ይታየኛል። ኮርቻው ይታየኛል፣ ላቡ ይሸተኛል። ስሙ የለም። "የሚጋልቡት" የሚለው ግን አፌ ደጃፍ ላይ አጊጦ ቆሟል። ልለው ነበር። እውነቴን ነው፣ ልለው ነበር። ራሴ ተከፍቶም ኩራቴ አልተኛም።

"ይህ እንትን" አልሁ።

"ጠፋ" አለች ፋጢማ ወደ ላይ።

"አመሰግናለሁ አባቴ" አለ እሱ። ምልክት አኖረ።

በእንትን ተመስግኜ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማፈር ቀረ። ሲጠፋ እንትን፣ ሲኖር ስሙን። እሱ መቁረጥ ሲጀምርም ሥዕሉ አልቆመም። ብዙ ከቆየ በኋላ በሬው ተመልሶ መጣ። ያ የከሳው። "ይህ... እንትን።" በሬ ጠፋኝ። "ጠፋ" አለች ፋጢማ። እጁ ቆመ።

እዚያው ተወው። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ አልወጣችም። ከኋላ በኩል የቀረች ጠርዝ አለች፣ ከቃሌ ጋር የተጣበቀች። "እሷን ባወጣ ቃልዎን አብሬ አወጣ ነበር" አለኝ በማግሥቱ። "የቀረውን በጨረር እንከታተለዋለን። ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ስላልዋሸኝም አመሰገንሁት። አንድ ቃሌን ሰምቶ ቢላውን የመለሰ ሰው። በሽምግልና ስንት ዓመት ተናገርሁ፣ ስንት ሰው አጨበጨበልኝ፣ እንዲህ የሰማኝ ግን ማን አለ? እግዜር እጁን ይባርክለት። የልጂቱንም ጆሮ።

ጥር 17

ቃል አነሰኝ። ከበፊቱም አነሰ። ፋጢማ የተቆረጠው ቦታ እብጠት ነው፣ ሲጎድል ይመለሳል ትላለች። ትራሱም እንትን፣ ውሃውም እንትን፣ ነርሷም እንትን። ጎኔ የተኛ፣ ከማሻ አገር የመጣ ሰው አለ፣

"አባት፣ እንትንዎ በዛ እኮ" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ድሮ ቢሆን በከዘራ እለው ነበር። አሁን አብሬ ሳቅሁ። "ትራስ" ብሎ ሲያቀብለኝ "አዎ፣ ትራስ" ብዬ እቀበላለሁ። ቃል ከሰው እጅ መቀበል ያሳንሳል ብዬ ነበር የኖርሁት። ውሃ ሲሰጡኝ አላነስሁ፣ በቃል ለምን አንሳለሁ?

የካቲት 9

መቀስ መጣ። ሳልጠራው፣ ሾርባ እየጠጣሁ። ጮክ ብዬ ተናገርሁት። የማሻው ሰው "ምን ልቁረጥልዎ?" አለኝ።

መጋቢት 22፣ ቤት

ጨረሩ አለቀ። ገባን። ሙላው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"እስቲ ስደበኝ" አለ።

"አንተ..." ፈለግሁ። አህያ የሚለው አልመጣም። "አንተ እንትን።"

"ወላሂ ይህስ ባሰ። ምን እንደሆንሁ እንኳ አላወቅሁም" አለ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሀጀራ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔም አሜን አልሁ። ባቄላዬን እነሱ ናቸው ያጨዱልኝ፣ የወቁልኝ፣ ጎተራ ያስገቡልኝ። ምን ብዬ አመሰግናለሁ? ደህና የነበርሁ ጊዜም ለዚህ ቃል አልነበረኝ።

ሚያዝያ 16

ከወግዲ ሽማግሌ ሊላክ ነው ተባለ። ለሰብሌ። ልጁ የከብት ሐኪም ነው፣ በላይ ይባላል። ቤተ ሰቡን አውቃለሁ፣ ደህና ናቸው። መቼ ተያዩ? ስልክ ነው እንግዲህ የዘንድሮ ሰው።

ምን ትያለሽ አላልኋትም። በኛ ወግ አባት ነው የሚናገረው። ብጠይቃትስ? አንገቷን ደፍታ "እንደ ወደዱ አባዬ" ነው የምትል። ፊቷን አየሁ፣ ምንም አይነግር። ሄዳ ማን ያስታምመኛል? እንቢ ብልስ ለኔ ብላ ዕድሜዋን... አልቆረጠልኝም።

ሚያዝያ 25

ዛሬ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች። እንደ ወጉ ቆመው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ። ሙላው ከጎኔ ነው። ብዙ ተናገሩ፣ ደኅና ተናገሩ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልቆረጥሁም። ኋላ ሁሉም ወደኔ አዩ።

"ሰማሁ" አልሁ። "ልጄን ሰብሌን ለ..."

ስሙ ሄደ። ጠዋት ሙሉ ሳመላልሰው የዋልሁት ስም። "ለልጃችሁ" ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ያምርም ነበር። ማንም አያውቅብኝም።

"ለ... እንትን" አልሁ።

አንዱ ሽማግሌ ሳለ። ሙላው አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁን ውጦ። እኔ ወደ ጓዳ ዞርሁ።

"ስሙ ጠፋብኝ። ሰብሌ፣ ማን ነበር?"

እንዲህ አይደረግም። ልጅቱ በሽማግሌ ፊት ድምፅ አታሰማም፣ እንኳን የልጁን ስም ልትጠራ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"በላይ" አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

አላንሾካሾከችም፣ አልተርበተበተችም። ጥርት አድርጋ ነው ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ስትለው የኖረች መሰለች። በሷ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የተሰናዳ መልስ አልነበረም። ፊቷ ላይ ስፈልገው የከረምሁት ነገር ሁሉ በዚያች ድምፅ ውስጥ ነበር።

ተመስገን አልሁ በሆዴ።

"ለበላይ ሰጥቻለሁ" አልኋቸው።